የኮድ ኤዲተርና የብራውዘር ኤክስቴንሽን ምርጫ፦ የአማርኛ ድረ ገጽ ለሚሠሩ የቀረበ ንጽጽር

ብዙዎቻችን የኮድ ኤዲተርም (ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ሆነ የብራውዘር ኤክስቴንሽን (በብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) የምንመርጠው አጠገባችን ያለው ሰው የሚጠቀምበትን አይተን ነው። ይሁን እንጂ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር፣ ጽሑፉ በአብዛኛው አማርኛ የሆነ ድረ ገጽ ለሚሠራ ሰው ይህ የምርጫ ዘዴ አይበቃም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን መሣሪያዎች የምመዝነው በማሽን ላይ ባላቸው ክብደት፣ በዋጋቸው፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራን በማትረፋቸውና ከሁሉም በላይ ፊደላችንን በሚያስተናግዱበት መንገድ ነው።

ከኤዲተሮቹ መጀመሪያ የሚነሣው ቪኤስ ኮድ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ይህ ኤዲተር በነጻ የሚገኝ ሲሆን በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ኤችቲኤምኤልን በአጭሩ ለመጻፍ የሚያገለግለው ኤምሜትና የጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ መሣሪያ) ድጋፍም አብረውት ይመጣሉ። ጉድለቱ ክብደቱ ነው። ኤሌክትሮን በተባለው መሠረት ላይ የተገነባ በመሆኑ የብራውዘር ሞተር በውስጡ ተሸክሞ ይነሣል፤ ከክሮም ጎን ለጎን ሲከፈት ደግሞ ራሙ ትንሽ የሆነ ማሽን በግልጽ ይንቀራፈፋል፣ ኤክስቴንሽን በተጨመረበት ቁጥርም ይብስበታል።

ሰብላይም ቴክስት በዚህ ረገድ ተቃራኒው ነው። ወዲያው ይከፈታል፣ ትልልቅ ፋይሎችንም ያለ ችግር ያነባል። ለግል የሚሸጠው ፈቃድ 99 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን ለ3 ዓመት የሚወጡ ማሻሻያዎችን ያካትታል። የሙከራ ጊዜው ገደብ የለውም፤ ነገር ግን ፋይል ሲቀመጥ አልፎ አልፎ የግዢ ማሳሰቢያ ያሳያል፣ በቋሚነት የሚጠቀምበት ሰው መግዛት እንዳለበትም ተገልጿል። ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለብዙዎች አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ። ያም ሆኖ በሥራው ገቢ የሚያገኝበት ሰው ማሳሰቢያውን ለዓመታት እየዘጋ መኖሩን ትክክል አድርጌ አልወስደውም፤ መክፈል ካልቻለ ነጻዎቹ አሉለት።

ከነጻዎቹ ለደካማ ማሽን የምመርጠው ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ በጣም ቀላል፣ ግን ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ኤዲተር ነው። ያልተቀመጠ ሥራን በየ7 ሰከንዱ በመጠባበቂያነት የሚይዝ መሆኑ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ትልቅ ነገር ነው። ቪኤስ ኮድና ሰብላይም ቴክስትም እንደገና ሲከፈቱ ያልተቀመጠውን ይመልሳሉ፤ በዚህ መመዘኛ ሦስቱም የሚያስተማምኑ ናቸው።

ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው አማርኛ ሲጻፍባቸው ነው። ለኮድ የተለመዱት እንደ ኮንሶላስ ያሉ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ስለዚህ በኮዱ መካከል የገባ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ሲስተሙ ባገኘው ሌላ ፎንት ይታያል። በቪኤስ ኮድ የፎንት ማስተካከያ ላይ ስሞችን በነጠላ ሰረዝ እየለዩ መደርደር ስለሚቻል፣ ከኮንሶላስ ቀጥሎ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ቢጽፉ ላቲኑ በአንዱ፣ አማርኛው በሌላው ይታያል። በሌሎቹ ሁለቱ የሚመረጠው ፎንት አንድ ነው፣ የቀረውን ሲስተሙ ይወስናል። ቀኑን ሙሉ የአማርኛ ጽሑፍ ሲያርም ለሚውል ሰው ይህ የዓይን ጉዳይ ነው።

ከዚህ የከፋው የኢንኮዲንግ (ፊደላት በፋይል ውስጥ በቁጥር የሚቀመጡበት ሥርዓት) ስሕተት ነው። በአንድ ወቅት ከደንበኛ የደረሰኝን ፋይል ስከፍት አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ አገኘሁት። ፋይሉ አንሲ በሚባለው የቆየ ኢንኮዲንግ ተቀምጦ ኖሯል፤ ያ ኢንኮዲንግ ፊደላችንን ስለማያውቅ እያንዳንዱን በ«?» ተክቶታል፣ ከዚያ በኋላ ፊደላችንን ወደሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 ቢለወጥም የጠፋው አይመለስም። ጽሑፉ እንደገና ከወረቀት ተተየበ። ቪኤስ ኮድና ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የፋይሉን ኢንኮዲንግ በመስኮቱ ግርጌ በስተቀኝ ስለሚያሳዩ አንድ ጊዜ ዓይንን ወደዚያ መጣል ይበቃል፤ በሰብላይም ቴክስት ግን ይህ ምልክት እንዲታይ በማስተካከያው ውስጥ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ዌብስቶርም የተባለው ሌላ ኤዲተር ትልልቅ የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ለሚሠራ ሰው ከሦስቱም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነጻ ይሰጣል፣ ለተማሪ ጥሩ ዕድል ነው። በ4 ጊጋባይት ራም ላይ ግን አልመክረውም። አተምና ብራኬትስ የተባሉት ኤዲተሮች በቆዩ ማስተማሪያዎች ውስጥ አሁንም ይጠቀሳሉ፤ ጊትሀብ አተምን በ2022፣ አዶቤ የብራኬትስን ድጋፍ በ2021 ስላቆሙ ማንም አዲስ ሰው በእነሱ አይጀምር።

ወደ ብራውዘሩ ስንመጣ፣ ከኤክስቴንሽኖቹ በፊት መታየት ያለበት ብራውዘሩ ራሱ ይዞት የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለፋየርፎክስ የወጣው ፋየርባግ በዘመኑ እጅግ አስፈላጊ ኤክስቴንሽን ነበር፤ ሥራው ሁሉ ወደ ብራውዘሮቹ ውስጥ ስለገባ በ2017 ተቋረጠ። ዛሬ ኤፍ12ን ሲጫኑ የሚከፈተው የአበልጻጊዎች መሣሪያ የቀለም መልቀሚያ፣ የስልክ ስክሪን መጠን ማሳያና ዘገምተኛ ኢንተርኔትን አስመስሎ መሞከሪያ አለው። ለእነዚህ ሥራዎች ኤክስቴንሽን መጫን ትርፉ ራም መጨረስ ነው።

ለፎንት ፍተሻም እንዲሁ ነው። ዋትፎንት የተባለው ኤክስቴንሽን ጽሑፍ ላይ ሲጠቁሙ የፎንት ስም ይነግራል፤ የአማርኛ አንቀጽ ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ፎንት የሚሠራ ነው። ለምሳሌ ገጹ ሮቦቶን ብቻ ቢያዝ፣ ሮቦቶ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ቁጥሮቹ በእሱ፣ ፊደሎቹ በዊንዶውስ ላይ በኢብሪማ፣ በማክ ላይ በኬፋ ሊወጡ ይችላሉ። በክሮም አንቀጹ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኢንስፔክት» ካሉ በኋላ «ኮምፒዩትድ» የሚለውን ክፍል እስከ ግርጌው ቢወርዱ፣ በእርግጥ ጥቅም ላይ የዋሉት ፎንቶች ስንት ፊደል እንደሸፈኑ ጭምር ተዘርዝረው ያገኟቸዋል። ፋየርፎክስ ደግሞ በፎንቱ ስም ላይ ሲጠቁሙ በእሱ የተጻፈውን ጽሑፍ ገጹ ላይ ያደምቀዋል፤ ለአማርኛ ሥራ እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

ዌብ ዴቨሎፐር የተባለው የቆየ ኤክስቴንሽን አሁንም ቦታ አለው። የገጹን መልክ የሚወስነውን ሲኤስኤስን ማጥፋት፣ የሥዕሎችን መግለጫ በአንድ ጊዜ ማሳየትና የገጹን ክፍሎች በመስመር መክበብ ከኤፍ12 ይልቅ በእሱ ይቀላል። ሆኖም እንዲህ ያሉ ኤክስቴንሽኖች በምንከፍታቸው ገጾች ሁሉ ያለውን እንዲያነቡና እንዲለውጡ ፈቃድ እንደሚጠይቁ መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 የዚሁ ኤክስቴንሽን ሠሪ በማጭበርበሪያ ኢሜይል ተታሎ የክሮም መለያው ተወስዶበት ነበር፤ ሰርጎ ገቦቹ ማስታወቂያ የሚያስገባ የተበረዘ እትም ከለቀቁ በኋላ ሠሪው በዚያው ቀን የታረመውን አወጣ። ታማኝ ሰው የሠራው እንኳ እንዲህ ሊደርስበት ስለሚችል፣ ኤክስቴንሽኖቹን ከባንክና ከኢሜይል በተለየ የብራውዘር ፕሮፋይል ብቻ መጫን ተገቢ ነው።

ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ገጹ የተመቸ መሆኑን ለመፈተሽ ዌቭና አክስ የተባሉት ኤክስቴንሽኖች፣ እንዲሁም ክሮም ውስጥ ያለው ላይትሃውስ አሉ። ላይትሃውስ በዚህ ክፍሉ የሚጠቀመው የአክስን ሞተር ስለሆነ ሁለቱን አብሮ መያዝ ለጀማሪ አያስፈልግም። ዌቭ ግን ስሕተቱን በገጹ ላይ በምልክት ስለሚያሳይ ከላይትሃውስ ጋር ጥሩ ጥንድ ይሆናል። ሆኖም የገጹ ቋንቋ በኮዱ ላይ እንግሊዝኛ ተብሎ የተጻፈ የአማርኛ ገጽ በላይትሃውስ ፈተና ያልፋል፤ መሣሪያው ቋንቋ መጠቀሱን እንጂ እውነቱን አይመረምርም። የስክሪን አንባቢ ፕሮግራሞች የሚናገሩበትን ድምፅ የሚመርጡት ከዚያ ቃል ስለሆነ፣ ያንን መስመር በኤዲተሩ ውስጥ በራስ ዓይን ማረጋገጥ ግድ ነው።