የማፍ ሴንሰር ማጠቢያ ስፕሬይ፦ ከስምንት ወር የአዳማ አቧራ በኋላ

ስፕሬዩ ሥራውን ይሠራል፤ ሻጮቹ የሚሉትን ሁሉ ግን አይሠራም። 1500 ሲሲ፣ ባለ 1ኤንዜድ ሞተር ቶዮታ ላይ በስምንት ወር ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ከጣሳው ግማሽ ያህሉ ገና አለ። ቤንዚን ይቆጥባል የሚባለውን እርሱት።

ማፍ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር ነው፤ የሚለካውም በጋለ ሽቦ ነው። አየሩ ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሙቀቱን ለመመለስ ከሚፈጀው ኮረንት የአየሩን መጠን ያሰላል። ሽቦው አቧራ ሲለብስ፣ በተለይ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ፣ አሳንሶ ያነብባል፤ ቤንዚኑም ያንሳል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ጉድለቱን አይቶ ስለሚያስሞላ ከተማ ውስጥ ብዙም አይታወቅም፤ የፍጆታ ለውጥ የማይታየውም ለዚህ ነው። ሰው ጭኖ ወደ አሰላ ሲወጣ ግን ጉልበት ማጣቱ ይሰማል። ሲብስ ቼክ ኢንጂን በርቶ ፒ0171 የሚባለው፣ ቤንዚን ከአየሩ አንጻር አንሷል የሚል ኮድ ይመጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት ስካነር ሰክታችሁ የረጅም ጊዜውን ፊውል ትሪም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሚያስተካክል እዩ። ከ+10 በመቶ በታች ከሆነ አትንኩት። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ደህና ሆኖ 2500 ዙር ላይ ከወጣ ማፉን ጠርጥሩ። በሚኒሞ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር ከወረደ ግን ከማፉ ወዲያ አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) አለ፤ ጣሳውን ብትጨርሱም ለውጥ የለም። ስፕሬዩ በከንቱ የሚታማው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። እዚህ መኪና ላይ የመጀመሪያው እጥበት 2500 ዙር ላይ ከ+13 ወደ +4 አወረደው። ሁለተኛው "ጊዜው ደረሰ" ተብሎ የተደረገ ነበር፤ +3 የነበረው +3 ሆኖ ቀረ። ሦስተኛው ከበጋው ነፋስ በኋላ፣ ከ+11 ወደ +4።

አስተጣጠቡ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ 20 ደቂቃ አቀዝቅዙ፤ ፈሳሹ በእሳት ይያያዛል። በሴንሰሩ ዙሪያ ያለውን አቧራ አስቀድማችሁ ጥረጉ፤ አለዚያ ሲነቀል ቱቦው ውስጥ ይወድቃል። ሶኬቱን መያዣውን ተጭናችሁ አላቁ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። ሁለቱን ብሎኖች በፊሊፕስ ካቻቢቴ ፈትታችሁ ሴንሰሩን አውጡ። የሶኬቱን በኩል ወደ ላይ ይዛችሁ ውስጠኛውን ሽቦና ከውጭ የሚታየውን ጠብታ የሚመስል የሙቀት ሴንሰር ከ10 እስከ 15 ጊዜ በአጭር በአጭሩ ንፉ። የስፕሬዩ ቀጭን ቱቦ ሽቦውን አይንካ። ጥጥ፣ ብሩሽ፣ ኮምፕሬሰር የሚባል ነገር አታስጠጉ፤ ሽቦው ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። በአዳማ ፀሐይ ቶሎ የደረቀ ቢመስልም 20 ደቂቃ ተዉት። ሲገጠም የጎማ ቀለበቱ ካልተቀመጠ ያልተለካ አየር ይገባል፤ ብሎኑ ፕላስቲክ ላይ ስለሚታሰር አታጥብቁት።

በካርቡሬተር ማጠቢያ መተካት አያዋጣም፤ ፕላስቲኩንና ሙጫውን ሊበላ ይችላል። ቤንዚን ደግሞ ቅሪት ይተዋል። በተቃራኒው ይህ ስፕሬይ የትሮትሉን (የአየር መግቢያ በሩን) ጥቁር ካርቦን የመፋቅ አቅም የለውም፤ ኦክስጅን ሴንሰር ላይ መንፋትም ገንዘብ መድፋት ነው። ለሶኬቶች ግን ጥሩ ነው።

ማፉ ቶሎ ቶሎ ከቆሸሸ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአየር ፊልትሮው ነው። ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር የሚነፋ የወረቀት ፊልትሮ ንጹሕ ይመስላል፤ ወረቀቱ ግን ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ የአዳማ ደቃቅ አቧራም ያልፈዋል። ታጥቦ ዘይት የሚቀባውም ዓይነት ዘይቱ ከበዛ ሽቦውን ይለብሰዋል። ከማስነፋት መለወጥ ይሻላል፤ የሳጥኑም ክዳን ዙሪያውን መግጠሙን በእጅ ዳስሱ።

ጣሳው ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ቤት ጥላ ውስጥ አቁሙት።