ራሳቸውን ችለው ለመኖር ለሚዘጋጁ ተማሪዎች የሚሰጥ የኑሮ ክህሎት ሥልጠና
ልጄ ብቻዋን መኖር ከመጀመሯ በፊት የተከታተለችው የኑሮ ክህሎት ሥልጠና ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው በተግባር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነው። በተለይ የማዕድ ቤቱ ክፍል እጅግ የተዋጣለት ነው፤ ሠልጣኞቹ የሚያበስሉት በየግላቸው ሲሆን፣ አሠልጣኟም የተረፈ ምግብ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባት ያለበት ባክቴሪያ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በፍጥነት ስለሚራባ መሆኑን ምክንያቱን ጭምር ታስረዳለች። በእሳት የተያያዘ ዘይት ላይ ውኃ መድፋት እሳቱን እንደሚያስፋፋው፣ ይልቁንም ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን መክደን እንደሚገባ፣ የተቃጠለ ቆዳም ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር መቆየት እንዳለበት ተምረዋል። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ እንደሚፈጥር መነገሩም ሕይወት የሚያድን ትምህርት ነው፤ ይህን ሳያውቁ ቤት የሚያጸዱ አዋቂዎች ጥቂት አይደሉም።

የልብስ አጠባውና የስፌቱ ክፍል በቂ ነው።

የገንዘብ አያያዙ ትምህርት ግን አላረካኝም። ወርኃዊ በጀት ማውጣትን በሚገባ ቢያስተምርም፣ ወለድ በወለድ ላይ እንዴት እንደሚደመር በቁጥር አላሳየም፤ በዓመት 12 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ብድር ምንም ሳይከፈልበት ቢቆይ በ6 ዓመት ገደማ እጥፍ እንደሚሆን አንድ ወጣት ከመፈረሙ በፊት ማወቅ ይገባዋል። የኪራይ ውል አነባበብም፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜንና የጥገና ኃላፊነትን የመሰሉ አንቀጾች እያሉ፣ በጥድፊያ ታልፏል። ስለዚህ ልጃቸውን የሚያስመዘግቡ ወላጆች የውል ናሙና ፈልገው ከልጃቸው ጋር አንቀጽ በአንቀጽ እንዲያነቡ እመክራለሁ።