ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ስኒው ዘፈነ

ከወቀሳው ልጀምርና ልገላገል። ያዘዝኩት ሾርባ አርባ ደቂቃ ፈጅቶ መጣ። ሲመጣም ለብ ብሏል። ኦምሌቱ ደርቋል፣ ጨውም ተረስቶበታል። ዳቦው ግን የዕለቱ ነው። ሲቆርሱት ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ገና ትኩስ ነው። እንዲህ ያለ ዳቦ ሰውን ይመልሳል። እኔም ተመልሻለሁ፣ እስካሁን አምስት ጊዜ። የመለሰኝ ግን ዳቦው አይደለም።

የካፌውን ስም አልጽፍም። አንደኛ፣ ሾርባውን እንዲህ አምቼ ስም መጥራት ደስ አይለኝም። ሁለተኛ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ አንዲት ብቻ ናት። (ስስት ነው፣ አውቃለሁ።)

መጀመሪያ የገባሁት ሥራ እምቢ ያለኝ ቀን ነው። እንጀራዬ ሥዕል ነው፤ ለልጆች መጻሕፍት እሥላለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ ውዬ ባዶውን አጥፌው እነሣ ነበር። እዚያም ተቀምጬ ስልኬን ሳወጣ ባትሪው ሞቷል። ቻርጀር ጠየቅኩ።

«ይቅርታ፣ ያለን አንድ ነው፤ እሱም ተይዟል» አለችኝ አስተናጋጇ። «ሾርባዎም እየመጣ ነው።»

እየመጣ አልነበረም። ስልክ የለ፣ ሾርባ የለ። ዙሪያዬን ከማየት ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?

አጠገቤ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ከአያቷ ጋር ተቀምጣለች። ትኩስ ቸኮሌት ቀርቦላታል። ዱቄቱን አማስላ ስትጨርስ በማንኪያው የስኒውን ግርጌ መምታት ጀመረች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

«ተይ እንጂ፣ ሰው ትረብሺያለሽ» አሏት አያቷ።

«እማማ፣ ስሚማ! ድምፁ ደረጃ እየወጣ ነው!»

ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። እውነቷን ነው። ወፍራም ሆኖ የጀመረው ድምፅ በእያንዳንዱ ምት እየቀጠነ ሄደ። አያትየዋም ዝም አሉ። እኔም ወዲያው ትኩስ ቸኮሌት አዘዝኩ፤ ለመጠጣት ሳይሆን ለመቆርቆር። (እሱ ደግሞ በአምስት ደቂቃ መጣ። የዚህን ወጥ ቤት አሠራር እስከ ዛሬ አልገባኝም።) መታሁት፣ ዘፈነ። እንደገና አማስዬ መታሁት፤ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ከወፍራሙ ጀመረ። ለካ ዕድሜ ልኬን በየቀኑ ስኒ ሳማስል አንድም ቀን አዳምጬው አላውቅም!

ቤት ገብቼ ምክንያቱን ፈለግኩ። ስናማስል ጥቃቅን የአየር አረፋዎች በፈሳሹ ውስጥ ይበተናሉ። ድምፅ በአረፋማ ፈሳሽ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚጓዘው፤ ስለዚህ የምንሰማው ወፍራም ድምፅ ነው። አረፋዎቹ ሽቅብ ወጥተው ሲጠፉ ድምፅ ይፈጥናል፣ ቅላጼውም ይቀጥናል። ፍራንክ ክሮፎርድ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለዚሁ ጽፏል። አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም ፕሮፌሰር፣ ቁጭ ብሎ ስኒ ሲቆረቁር ታየኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

ስለ ዕቃዎቹ ካነሣን፣ ሰሃኖቹ ጠርዛቸው ሰማያዊ፣ አንዳንዶቹም የተሸረፉ ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ኮከብ የሚያስቀንስ ጉድለት ነው። አሁን ግን ሰሃን ባየሁ ቁጥር አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ትዝ ይለኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ነጥፌያለሁ፣ ከእንግዲህ አዲስ ሐሳብ አይመጣልኝም ብሎ ነበር። አንድ ቀን ካፍቴሪያ ውስጥ አንድ ሰው ሰሃን ሽቅብ ወረወረ። ሰሃኑ እየተሽከረከረ ይወዛወዛል። ፋይንማን ይህን አየና ሽክርክሪቱን ከውዝዋዜው ጋር ማስላት ጀመረ። ምን ይጠቅማል ሲሉት ምንም፣ ለጨዋታ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ኖቤል ያሸለመው ሥራ መነሻ ያ ጨዋታ እንደነበር የተረከው ራሱ ነው። እኔ ኖቤል አልጠብቅም። የአንድ ገጽ ሥዕል ይበቃኛል።

ሥዕሉም መጣ። በሦስተኛው ቀን ቡናዬ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ። (ቡናው ጥሩ ነው፤ ፈላ ያለ፣ ያልመረረ።) ጠብታዋ ስትደርቅ መሐሏ ሳስቶ ጠርዟ ብቻ ጠቆረ። ፈሳሹ ከዳር ቶሎ ስለሚተን የመሐሉ ወደ ዳር ይፈስና ቅንጣቶቹን ይዞ ይሄዳል። በፊት ቢሆን ወረቀቱን ጨምድጄ ነበር የምጥለው። አሁን ቀለበቷን ትኩር ብዬ ሳያት የተከፈተ አፍ መሰለችኝ። ዓይን ጨመርኩላት፣ ቀጥሎ እጀታ። የምትዘፍን ስኒ ሆነች። እነሆ ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷን ስሥል ከረምኩ።

ለሚቸኩል ሰው ቦታው አይሆንም። ምሳ ሰዓት ላይ አይሂዱ፣ ጫጫታ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ በር በትከሻ ካልገፉት አይዘጋም። አስተናጋጆቹ ግን ቅኖች ናቸው፤ በአንድ ስኒ ሦስት ሰዓት ስቀመጥ ማንም ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም።

ትናንት ስኒዋን ግማሽ አድርሼ ሾርባ አዘዝኩ። በአሥር ደቂቃ ደረሰ። ትኩስ ነበር፣ ጨውም አለው። ትንሽ ቅር እያለኝ እርሳሴን አስቀምጬ በላሁ።