ያገለገለ የኢንቦርድ ስኪ ጀልባ በሐይቅ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የውሃ ስኪ ወዳጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ያገለገለ ኢንቦርድ (ሞተሩ ጀልባው ውስጥ የተቀመጠ) መግዛት ያዋጣል ወይስ አውትቦርድ (ሞተሩ ከውጭ ጭራው ላይ የተንጠለጠለ) ይሻላል? ጀልባዬ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው፣ ሐይቅ በተባለው ሐይቅ ላይ መዋል ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ክረምቱንም በሸራ ተሸፍኖ ከርሟል። አሁን በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ። ፍላጎታችሁ ስኪና ዌክቦርድ (ሁለቱም እግር በአንድ ሰሌዳ ላይ ታስሮ የሚጎተቱበት) ከሆነ ኢንቦርድ ግዙ። ግን ለእኛ ከፍታ አስተካክሉት። ሳይስተካከል ያወጣችሁበትን ያህል አይጎትትም።

ጀልባው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አሜሪካ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሞተሩ ባለ ካርቡሬተር 5.7 ሊትር ቪ8 ሲሆን መሠረቱ የሼቭሮሌ የመኪና ሞተር ነው። መሃል ላይ ተቀምጧል። ዘንጉ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ በጀልባው ሆድ ሥር ይወጣል። ቀደም ሲል ላንጋኖ ላይ ለዓመታት ሠርቷል። የተጠየቅኩት ዋጋ ካገለገለ ቪትዝ ያነሰ ነበር። በኤፍ ኤስ አር ጭነን በጣርማ በርና በሸዋ ሮቢት አድርገን አመጣነው። ማጓጓዣው ቀላል ወጪ አይደለም፤ ስትደራደሩ አብራችሁ አስሉት።

ኢንቦርድ ለምን? አውትቦርድ ክብደቱ ሁሉ ጭራው ላይ ነው። ስለዚህ ከኋላው ከፍ ያለና የተመሰቃቀለ ማዕበል ይተዋል። በአንድ ስኪ ግራና ቀኝ የሚቆራርጥ ሰው ያንን ማዕበል በተሻገረ ቁጥር ጉልበቱ ይመታል። ኢንቦርዱ ግን ክብደቱ መሃል ስለሆነ ማዕበሉ ዝቅ ያለና ለስላሳ ነው። ገመዱም የሚታሰረው መሃል ላይ ባለው ምሰሶ ነው። ከሆዱ ሥር ያሉት ትናንሽ ክንፎች ደግሞ ስኪ የሚነዳው ሰው በኃይል ወደ ጎን ሲስብ እንኳ ጀልባውን ከመስመሩ አያስወጡትም። መሪ የያዘ ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል።

ልጆች ላላችሁ ደግሞ ሌላ ትልቅ ነጥብ አለ። ፕሮፔለሩ ጭራው ላይ ተንጠልጥሎ አይታይም፤ ከሆዱ ሥር ነው። እንዲያም ሆኖ ሰው ወደ ጀልባው ሲጠጋ ሞተር ይጠፋል። በኔ ጀልባ ላይ ይህ ድርድር የለውም። ነጂው ወደፊት ያያል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮ የሚጎተተውን ብቻ ያያል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሁሉም ይለብሳል፤ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሞተር ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሒሳቡን ብትመቱት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛው የለም ማለት ነው። ላንጋኖ ከዚህ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። እዚያ ደህና ይጎትት የነበረ ጀልባ እዚህ ሲመጣ ለዚህ ነው የሚያቃስተው። የኔም እንደዚያው ነበር። ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት የሞተሩ ዙር በደቂቃ 4,000 አይሞላም። ከበድ ያለ ሰው በአንድ ስኪ ከውሃው ሲነሳ ሆድ እስኪቆርጥ ይዘገያል። ካንዴላዎቹን ስንፈታቸው ጥላሸት ለብሰዋል። አየሩ ስስ ሆኖ ሳለ ካርቡሬተሩ እንደ ቆላ ነዳጅ ያፈስ ነበር።

ሁለት ነገር አደረግን። መጀመሪያ በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያሳልፉትን ባለ ቀዳዳ ትናንሽ ብሎኖች ቀዳዳቸው ጠበብ ባሉ ቀየርናቸው። አሮጌዎቹን አልጣልኳቸውም። ጀልባው አንድ ቀን ወደ ቆላ ከወረደ መመለስ አለባቸው፤ አለዚያ ነዳጅ አንሶት ፒስቶን ያቃጥላል። ሁለተኛውና ትልቁን ለውጥ ያመጣው ፕሮፔለሩ ነው። ፒች የሚባለው ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር በስሌት ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። የነበረው 13 ኢንች ነው፤ በ12 ተካሁት። በድሮው ፒች እዚህ መጎተት የሐረጎን ዳገት በአራተኛ ማርሽ እንደመውጣት ነበር። አሁን ዙሩ 4,300 አካባቢ ይደርሳል። ሰውም ከውሃው ወዲያው ብድግ ይላል። የመጨረሻ ፍጥነቱ ትንሽ ቢቀንስ አላሳሰበኝም። በስላሎም (በአንድ ስኪ ግራና ቀኝ እየቆራረጡ የሚሄዱበት) ውድድር እንኳ ለወንዶች ከፍተኛው የጀልባ ፍጥነት በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሴቶች 55። እኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ነን።

ለዌክቦርድ ግን ይህ ዓይነት ጀልባ ምርጡ አይደለም። ፍጥነቱ በ35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ያ ችግር የለውም። ዌክቦርድ የሚፈልገው ከፍ ያለ ማዕበል ነው፤ የኔ ጀልባ ደግሞ የተሠራው ማዕበል ለመቀነስ ነው። ቢጫ ጀሪካኖች የሐይቁን ውሃ ሞልተን ከኋላ በደንብ እናስራቸዋለን። ለጀማሪና ለመካከለኛ በቂ ነው። ዋናው ፍቅራችሁ ዌክቦርድ ከሆነ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ዘንጉ ወደፊት ሄዶ የሚታጠፍበትን፣ ቪ ድራይቭ የሚባለውን ፈልጉ።

ስትገዙ ቀለምና ወንበር አያታላችሁ። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ረጃጅም ተሸካሚዎች እንጨት ናቸው፤ በፋይበር የተሸፈኑ። ውሃ ከገባባቸው ከውስጥ ይበሰብሳሉ። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ደረቅ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። የሞተሩን ማሰሪያ ብሎኖች አጥብቁ፤ ዝም ብለው የሚዞሩ ከሆነ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን (የሚጨምቁበትን ግፊት) አስለኩ፤ በመካከላቸው ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ዋጋውን እንደገና ተነጋገሩ። ከሁሉም በላይ ሰው እየጎተተ ካላያችሁት አትክፈሉ። መሬት ላይ ቆሞ በውሃ ቱቦ የሚነሳ ሞተር ምንም አይነግራችሁም።

ደሴ ውስጥ ጥገና እንዴት ነው ለምትሉኝ፣ ከጠበቅኩት ይሻላል። መሠረቱ የመኪና ሞተር ስለሆነ መካኒኮቻችን አይደነግጡም። ካንዴላ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ጓርኒሲዮን ቢቸግር ከአዲስ አበባ ይመጣል። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ አልነሳ ብሎ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ካርቦኑን ቀየረና ተነሳ። ከመኪና የተፈታ ሊገጥምልኝም ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ እሱን አልተቀበልኩም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ በጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። የጀልባ ሞተሪኖና ዲናሞ የእሳት ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የመኪናው እንደዚያ አይደለም። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊትም የአየር ማውጫው ፋን አራት ደቂቃ ይሥራ። ሰው እየጠበቀ ነው ብላችሁ አታሳጥሩት።

እዚህ የማይገኘው ኢምፔለር ነው። ውሃ ከሐይቁ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የጎማ መዘውር። ያለ ውሃ ከተነሳ ወዲያው ይበላል፤ ባይበላም በየዓመቱ መቀየር አለበት። የኔው ክንፎቹ ተቆርጠው ሙቀቱ መውጣት ጀመረ። ቁርጥራጮቹን ከቱቦው ውስጥ እስከመጨረሻዋ መልቀም ግድ ነበር፤ አንዷ ከቀረች የውሃውን መንገድ ትዘጋለች። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሁለት አስመጡ። ዘንጉ ከጀልባው በሚወጣበት ቦታ ጠብ ጠብ የምትል ውሃ ስታዩ ደግሞ አትጨነቁ። ሲዞር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ ጤናማ ነው።

ቤንዚን ይበላል፤ ስንጎትት በሰዓት ወደ 20 ሊትር። በጀሪካን መቅዳት እንደ ድሮው ቀላል ስላልሆነ ጀልባውን በተጎታች ይዤ ማደያ እሄዳለሁ። ወጪው ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ሦስት አራት ሆኖ መግዛት የተሻለ ነው።

ስለ ሐይቁ ደግሞ ከልብ የምለው አለኝ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ ግን የለውም። የጣላችሁት ዘይት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከሞተሩ ሥር ዘይት መያዣ አስቀምጫለሁ፤ የተጠራቀመውንም በስፖንጅ አንስቼ ይዤው እመለሳለሁ እንጂ በፓምፕ ወደ ውሃው አልለቅም። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን የት እንደሚጥሉ ቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ሳያነሱም አልጀምርም። መረብ ዘንግ ላይ ከተጠመጠመ እኔ ግማሽ ቀን አጣለሁ፤ እነሱ ግን እንጀራቸውን ነው። ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት እንሠራለን፤ ከዚያ በኋላ ነፋስ ይነሳል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጸሎትና የትምህርት ቦታ ወደሆነው ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል አንጎትትም። በዚያ ካለፍንም ማዕበል በማያስነሳ ፍጥነት ነው። እሑድና የበዓል ጠዋት ጨርሶ ወደዚያ አንሄድም።

ከመጪው ክረምት በፊት የጭስ ማውጫ ማኒፎልዶቹን ፈትቼ አያለሁ። ውሃ በውስጣቸው ስለሚያልፍ ከውስጥ ይዝጋሉ፤ ከተቀደዱ ውሃው ወደ ሲሊንደር ይገባል። የቀድሞው ባለቤት ቀይሯቸው እንደሆነ ማስረጃ አላገኘሁም። እናንተም ስትገዙ ደረሰኙን ጠይቁ።