የእናቴን ግቢ የለካው ሰው ማን ነው?

ለገና ሰሜን ሸዋ ቤተሰቤ ዘንድ ሦስት ሳምንት ከርሜ ወደ ስቶክሆልም ተመልሻለሁ። ከላምበረት የተሳፈርንበት ሚኒባስ በታሪፉ ነው ያስከፈለን። ደብረ ብርሃን ያደርኩበት ፔንሲዮንም ሙቅ ውኃ ነበረው። የዚያን አገር ብርድ ለምታውቁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ዘጠኝ የሥራ ቀን የበላብኝ የአንድ መሬት ነክ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። የትኛው ከተማ እንደሆነ አልናገርም።

እናቴ ካርታዋን ልታሳድስ አመልክታ ነበር። አንድ ሰው ሜትር ይዞ መጣ፣ ግቢውን ለካ፣ ሄደ። ባጅ አላንጠለጠለም፤ ስሙንም አልነገራትም። ወረቀቱ ሲመጣ ይዞታዋ በ38 ካሬ ሜትር አንሷል። አባቴ ያጠረው አጥር ዛሬም በቦታው ነው፤ ባሕር ዛፉም አልተነቀለም። እናቴ "መንግሥት ከለካው ምን ይደረጋል?" ብላ ልትተወው ነበር፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

በማግስቱ ቢሮው ሄጄ የጠየቅሁት ሦስት ነገር ብቻ ነው። የለካው ባለሙያ ማን ይባላል? የሥራ መደቡ ምንድን ነው? ለመደቡ የተቀመጠው ተፈላጊ ችሎታስ?

"እትዬ፣ ይህን ለምን ፈለጉት?" አለኝ ወጣቱ። ጋዜጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ ሲያይ ደግሞ "የውጭ ዜጋ ነዎት፣ አይመለከትዎትም" አለ። በሁለተኛው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን "የሠራተኛ ማኅደር የግል ምስጢር ነው" የሚል መልስ ሰጡኝ። ኮሪደሩ ላይ የሠራተኞች ፎቶና ስም የተለጠፈበት ሰሌዳ ነበር፤ ከስድስቱ አራቱ ቢሮውን ከለቀቁ ቆይተዋል። በር ላይ የቆመ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ "3,000 ብር ይስጡኝና ሁሉንም አመጣልዎታለሁ" ሲለኝ አለቀስኩ። በመስኮት የተከለከልኩት ነገር በር ላይ ዋጋ ወጥቶለታል ማለት ነው።

ማኅደሩን አምጡ አላልኩም። የሰው ደመወዝ፣ የጤናው ጉዳይ፣ የቤቱ አድራሻ አያገባኝም። ግን ሠራተኛ ሲፈልጉ እኮ "ተፈላጊ ችሎታ" ብለው የትምህርት ደረጃውንና የልምዱን ዓመት ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይለጥፋሉ። ለአመልካች ሁሉ የተነገረ ነገር ሰውየው ከተቀጠረ በኋላ ምስጢር የሚሆነው እንዴት ነው?

ስዊድን የመንግሥት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1766 ነው። አንድ ጊዜ የልጄ መምህር የማስተማር ፈቃድ እንዳላት ለማወቅ ደውዬ ነበር። መልሱን ነገሩኝ፤ ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። ለመንግሥት ሥራ የተወዳደረ ሰው ያስገባውን ማስረጃ ማንም ጠይቆ ማየት ይችላል፤ እስከ 9 ገጽ ድረስ ኮፒው በነፃ ነው። ይህን ሳስብ ያናደደኝ በእኛም አገር እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩ ነው። ጠበቃ የሆነው የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በስልክ አስረዳኝ። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅን መብት የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። ጥያቄውን የሚቀበለው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሲሆን መልስ መስጫው 30 ቀን ነው። ከተከለከልሽ ለበላይ ኃላፊው፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይግባኝ ትያለሽ አለኝ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የሚዲያ አዋጅም የመረጃውን ክፍል አልሻረውም።

ጥር 4 ቀን በጽሑፍ አመልክቼ ቅጂውን ማኅተም አስደረግሁበት። ማኅተሙን ለማግኘት ራሱ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ያተረፈችኝ የሰው ሀብት ክፍሏ ልጅ ናት። ማመልከቻዬን አንብባ "ይቀመጡ እትዬ" አለችኝና የመሥሪያ ቤቱን መዋቅር አውጥታ አሳየችኝ። የማንንም ማኅደር አልነካችም። የቀያሽ መደብ አለ፤ በዲፕሎማ የሚያዝ ነው፤ ግን ክፍት ነው። የእናቴን ግቢ የለካው ሰው ከሌላ ክፍል ተደርቦ የሚሠራ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ዘጠኝ ቀን የተመላለስኩት ለዚህ ነበር? ልጅቷን ግን እግዜር ይስጣት። እንደ እሷ ያለ ሰው በየቢሮው አለና ከመስኮቱ አልፋችሁ ፈልጉ።

እንደገና ይለካልን ብለን ስንጠይቅ ከሌላ ከተማ ቀያሽ ተላከ። ስሙን ነገረን፣ ባጁን አሳየን፣ ከእናቴ ጋር ቡና ጠጣ። ግቢው ልክ እንደ ድሮው ካርታ 412 ካሬ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የጽሑፍ መልሱ ግን እኔ እስክበር ድረስ አልወጣም። 30 ቀኑ የሚሞላው የካቲት 4 ነው። ማኅተም ያለበትን ቅጂ ለወንድሜ ትቼለታለሁ፤ የዚያን ቀን ጠዋት ቢሮው ይሄዳል።