የአሉሚኒየም ራዲያተር ኤሲ ባላት አሮጌ መኪና ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፍርዴን በቅድሚያ ልናገር። ይህ ራዲያተር ጥሩ ዕቃ ነው፤ መንገድ ላይ በፍጥነት ስትሄድ ሙቀቷ የሚጨምር መኪና ካለቻችሁ ልዩነቱን በመጀመሪያው ጉዞ ታዩታላችሁ። ኤሲ ተከፍቶ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ቆማ የምታፈላ መኪናን ግን ብቻውን አያድናትም። የእኔዋ ሁለቱም ችግር ነበረባት፤ ራዲያተሩ የፈታው አንዱን ብቻ ነው። ሌላውን የፈታው ከራዲያተሩ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነገር ስለሆነ በዝርዝር ልጽፈው ወደድኩ።

መኪናዋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ባለ ካርቡሬተር ናት። ኤሲዋ ከፋብሪካ አብሯት የወጣ ሳይሆን በኋላ ከዳሽቦርዱ ሥር የተገጠመ ነው። ይህ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በዚያ ዘመን ኤሲ ከፋብሪካው ታዝዞ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያለ ራዲያተር፣ ክንፉ የበዛ ቬንቲሌተር፣ ፋን ክላች (ቬንቲሌተሩን እንደ ሙቀቱ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) እና ሽራውድ የሚባለው የቬንቲሌተር መከለያ አብረውት ይመጡ ነበር። በኋላ የተጨመረላት መኪና ግን ኮምፕረሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው) እና ኮንደንሰር (የጋዙን ሙቀት ወደ አየር የሚያወጣው) ተጭኖባት የማቀዝቀዣ ክፍሏ እንደነበረ ይቀራል። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ መጀመሪያ ማየት ያለበት መከለያው መኖር አለመኖሩን ነው።

ኤሲ ሞተርን በብዙ በኩል ያስጨንቃል። ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቀመጥ ከጋቢናው የወጣው ሙቀትና ኮምፕረሰሩ ጋዙን ሲጨምቅ የፈጠረው ሙቀት ተደምረው አየሩን ያሞቁታል፤ ራዲያተሩ የሚያገኘው ያንን የሞቀ አየር ነው። ኮምፕረሰሩ ራሱ ከሞተሩ ጥቂት የማይባል የፈረስ ጉልበት ይወስዳል። በሚኒሞ ጊዜ ደግሞ ቬንቲሌተሩም የውሃ ፓምፑም በዝግታ ነው የሚዞሩት። ሸክሙ በበዛበት ሰዓት አቅሙ ያንሳል ማለት ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የጠየቅኩት "መቼ ነው የምትሞቀው?" የሚለውን ነው። ቆማ ወይም በዝግታ እየሄደች የምትሞቅ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ አየር ፍሰት ይሄዳል፦ ቬንቲሌተር፣ ክላች፣ መከለያ፣ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል የተጠራቀመ ቅጠልና ነፍሳት። በፍጥነት ስትሄድ ከሆነ አየሩ በራሱ ስለሚገባ ጥርጣሬው ወደ ውሃው ዝውውር ይዞራል፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ፣ ፓምፑ ሲስብ የሚጣበቅ የታችኛው ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ)። የእኔዋ በሚኒሞ ቶሎ፣ በረጅም አቀበት ደግሞ ቀስ እያለች ትሞቅ ነበር።

ጌጁንም ዝም ብዬ አላመንኩትም። የእነዚህ መኪናዎች ጌጅ በዕድሜ ብዛት ይዋሻል፤ የሰንሰሩ ሽቦ ተላጦ የመኪናውን ብረት ሲነካ ወይም ለጌጆቹ ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ትንሽ ሬጉሌተር ሲደክም ሞተሩ ሳይሞቅ መርፌው ይወጣል። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ) ቤት ለካሁ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ሙቀቱን አሳንሶ ያሳያል። የሚለካው ቦታ ላይ ጥቁር ቴፕ መለጠፍ ወይም ድብዝዝ ጥቁር ቀለም መቀባት ይገባል። በዚያው መሣሪያ የአሮጌውን ራዲያተር ፊት ከላይ እስከ ታች ስቃኘው የታችኛው አንድ ወገን ከሌላው በግልጽ የቀዘቀዘ ሆኖ ተገኘ። ውሃ የማያልፍባቸው ቱቦዎች ነበሩ። ለመግዛት የወሰንኩት ይህን ካየሁ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት ሁለት ሌሎች ነገሮችን አጣርቻለሁ። የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) የተቃጠለ እንደሆነ የሚያሳየው ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ የሞተር ጭስ ወደ ውሃው ከገባ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የእኔው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ታይሚንጉን (ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) ደግሞ አየሁት፤ የዘገየ ታይሚንግ ሞተርን በሚኒሞ እንደሚያሞቅ ብዙ ሰው ይዘነጋል። እሳቱን ለሻማዎቹ የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢውተሩ የቫኪዩም ቱቦ ተሰንጥቆ ስለነበር ቀየርኩት፤ እሱ ብቻውን ጥቂት ዲግሪ ቀንሷል።

አሁን ወደ ራዲያተሩ። መዳብ ከአሉሚኒየም ይልቅ ሙቀት በደንብ እንደሚያስተላልፍ የታወቀ ነው፤ "ታዲያ ለምን አሉሚኒየም?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ አሠራሩ ላይ ነው። በአሮጌው የመዳብና የናስ ራዲያተር ቱቦዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ሙቀቱን ለአየር ከሚያቀብሉት ስስ ክንፎች ጋር የተያያዙትም በሊድ ብየዳ ስለሆነ ሙቀቱ እዚያ ላይ ይያዛል። አሉሚኒየሙ ጠንካራ ስለሆነ ወደ 25 ሚሊሜትር የሚሰፋ ቱቦ መጠቀም ያስችላል፤ ሰፊ ቱቦ ክንፎቹን በሰፊው ይነካል። የእኔው ባለ ሁለት ረድፍ ነው፤ ከነበረው ባለ ሦስት ረድፍ በላይ ይሠራል። ክብደቱም በጣም ቀላል ነው።

አገጣጠሙ ላይ ቅሬታ አለኝ። "በቀጥታ ይገባል" ተብሎ የተሸጠ ዕቃ የላይኛው መያዣው ቀዳዳ አልገጠመም፤ በፋይል ማስፋት ነበረብኝ። የውሃ ማፍሰሻዋ ቡሎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታንጠባጥብ ነበር፤ በሌላ ጎሚኒ ተስተካከለች። ብየዳው ግን ንጹሕ ነው፤ እስካሁን አንድም ቦታ አላላበም።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ የሚከፈት ነው። በፊት አቀበት ላይ 100ን ትሻገር የነበረችው መኪና ኤሲ ተከፍቶም ከ90 አካባቢ አልወጣችም። በጣም ደስ አለኝ። ቆማ ግን ያው ናት፤ ከበፊቱ ዘግየት ትላለች እንጂ መርፌው መውጣቱን አልተወም። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ራዲያተር የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን አየር ካላለፈበት የሞቀ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው።

ስለዚህ መከለያ አሠራሁ፣ ፋን ክላችም ገጠምኩ። መከለያ የሌለው ቬንቲሌተር የሚስበው ፊት ለፊቱ ካለው ክብ ቦታ ብቻ ነው፤ ማዕዘኖቹ ይቀራሉ፤ በጎን ያለው የሞቀ የሞተር አየርም ተመልሶ ይሳባል። የቬንቲሌተሩ ክንፍ ግማሹ በመከለያው ውስጥ ግማሹ ከውጭ እንዲሆን ተደርጎ ሲገጠም ሙሉውን የራዲያተር ፊት ይስባል። ክላቹ በውስጡ ሲሊኮን ፈሳሽ አለው፤ ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ፊቱ ላይ ያለው የብረት ጥቅልል ቫልቭ ይከፍትና ቬንቲሌተሩን ከሞተሩ ጋር ያጣብቀዋል። በዚያን ጊዜ ድምፁ ይሰማል፤ እንደ ኃይለኛ ነፋስ ያለ ጉርምርምታ ነው፤ ያ ድምፅ ሲመጣ እኔ እረጋጋለሁ። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ቬንቲሌተሩን በእጅ ስታዞሩት ያለ ምንም መያዝ የሚሽከረከር ከሆነ ክላቹ ሞቷል።

በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተትም በስፖንጅ ደፈንኩ፤ አየር ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ በጎን ማምለጫ ካገኘ በራዲያተሩ አያልፍም። ከዚህ በኋላ ኤሲ ተከፍቶ ለረጅም ጊዜ ቆማ ብትቆይ እንኳ 95ን አላለፈችም። ኤሲውም በሚኒሞ የተሻለ ማቀዝቀዝ ጀመረ፤ ያው አየር በኮንደንሰሩም ስለሚያልፍ ነው።

ኤሌክትሪክ ቬንቲሌተር ለምን አልመረጥክም የሚሉኝ አሉ። ጠንካራ ኤሌክትሪክ ቬንቲሌተር ከ20 እስከ 30 አምፔር ይበላል፤ የዚያ ዘመን ዲናሞ ደግሞ በሚኒሞ የሚሰጠው ከዚያ ብዙም አይበልጥም፤ የኤሲው ነፋሻና መብራቱ ሲጨመርበት ባትሪው ይደክማል። ዲናሞውን ለቀየረ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልን ግን በፍጹም አልመክርም። ሞተሩ በትክክለኛው ሙቀት እንዳይሠራ ከማድረግ ያለፈ የሚፈታው ነገር የለም።

የኤሲውን ጋዝ በተመለከተ፦ እነዚህ መኪናዎች የተሠሩት ለአር 12 ነው፤ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀነስ፣ በኋላም እንዲወገድ ተወሰነ። አሁን ብዙዎቹ ወደ አር 134 ኤ ተቀይረዋል፤ እሱ በአሮጌ ኮንደንሰር ላይ በሙቀት ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት ይፈጥራል። ሲሞላም አብዛኛውን ጊዜ ከአር 12 ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ የሞላ ባለሙያ ሳያውቅ ሞተሩን እያሞቀ ነው። የእኔዋ ትርፍ ጋዝ ነበራት፤ ሲቀነስላት የኮምፕረሰሩ ጭንቀት ቀለለ።

አሉሚኒየም ራዲያተር ከገጠማችሁ ለኩላንቱ (ለማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ተጠንቀቁ። ተራ የቧንቧ ውሃ አታድርጉበት፤ የተጣራ ውሃና ዝገት የሚከላከል ኩላንት ይሁን። ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀል 1 ባር የሚይዝ ክዳን ካለ መፍያው ወደ 129 ዲግሪ ይደርሳል፤ ክዳኑ ከደከመ ግን ወደ 107 ይወርዳል፤ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ አብሮ መቀየሩ ተገቢ ነው። የሞቀ ሞተር ክዳን መክፈት ደግሞ ፊትን እንደሚያቃጥል አትርሱ።

ሌላው ጠላቱ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ ነው፤ የአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ግራውንድ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር) ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ በኩላንቱ በኩል ይመለስና አሉሚኒየሙን ይበሳዋል። ቮልት ሜትሩን አንዱን ጫፍ ብረት ሳይነካ ኩላንቱ ውስጥ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጋችሁ ለኩ፤ ከ0.1 ቮልት በላይ ካነበባችሁ የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያበራችሁ ጥፋተኛውን ፈልጉ። እኔ ዘይት ስቀይር ሁሉ እለካዋለሁ፤ እስካሁን ከዚያ በታች ነው።

ይህን ራዲያተር ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ የአሮጌው ቱቦዎች ተደፍነው ከሆነ። ሙቀቷ ቆማ ብቻ ከሆነ ግን መከለያውንና ክላቹን አስቀድሜ እገጥማለሁ፤ አሮጌውን ራዲያተርም በውሃ ከኋላ ወደ ፊት አጥቤ እንደገና እለካለሁ።