በቅናሽ የሚሸጡ የሦስተኛ ወገን ሌንሶች፦ ከግዢው በኋላ የሚጠብቀው የፎከስ ሥራ

እ.ኤ.አ. በ2018 ካኖን በአርኤፍ፣ ኒኮን ደግሞ በዜድ የሌንስ መግጠሚያ ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ (በውስጡ መስታወት ወደሌለው) ካሜራ ካዞሩ ወዲህ፣ ለዲኤስኤልአር (ባለ መስታወት) ካሜራዎች የተሠሩ ሌንሶች በቅናሽ ሲቀርቡ ማየት የተለመደ ሆኗል። በተለይ እንደ ሲግማና ታምሮን ባሉ፣ የካሜራው አምራች ባልሆኑ ኩባንያዎች የተመረቱት፣ በተለምዶ የሦስተኛ ወገን የሚባሉት ሌንሶች፣ አንዳንዶቹ ማምረታቸው በመቆሙ፣ አንዳንዶቹ ሣጥናቸው ተከፍቶ በመመለሳቸው፣ ሌሎቹም ታድሰው በመቅረባቸው፣ የካሜራው አምራች ራሱ ከሚሸጠው አቻ ሌንስ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ። እኔም በዚህ መንገድ አንድ 85 ሚሊሜትር ቋሚ (ዙም የማያደርግ) ሌንስና ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚሄድ አንድ ኤፍ 2.8 ዙም ገዝቼ በዲኤስኤልአር ካሜራዬ ላይ ፈትሻቸዋለሁ፤ ኤፍ የሌንሱ ክፍተት መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል። የአምራቾቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የማነሣው የፎከስ መዛነፍ፣ ማለትም ፎከሱ ከታለመበት ነገር ፊት ወይም ኋላ ማረፉ፣ በየትኛውም ኩባንያ ሌንስ ላይ፣ የካሜራው አምራች በሚሠራቸውም ጭምር፣ የሚያጋጥም ስለሆነ እጄ ላይ በገባ አንድ ዕቃ ተነሥቶ በኩባንያ ላይ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም። የምፈርደው በግዢው ዓይነት ላይ ነው፤ የቅናሽ ሌንስ የሚያዋጣው ፎከሱን በየርቀቱ ለይቶ ማረም የሚያስችል መሣሪያ ሲኖረው ነው፣ ያ ከሌለ ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ግዢው የዕድል ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ምስል ጥራታቸው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሲግማ እ.ኤ.አ. በ2012 አርት የተባለውን መስመር በ35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ ከጀመረ በኋላ፣ የሦስተኛ ወገን ሌንስ ማለት አቅም ላነሰው ሰው የሚሆን ምትክ ነው የሚለው አስተሳሰብ ቀርቷል፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ከ18 እስከ 35 ሚሊሜትር የሚሄደው ዙም ደግሞ በሙሉ የዙም ክልሉ ኤፍ 1.8ን ይዞ በመዝለቅ የካሜራ አምራቾቹ ራሳቸው ያልሠሩትን ሠርቷል። የገዛኋቸው ሁለቱም ሌንሶች ፎከሳቸው በትክክል ሲያርፍ የሚሰጡት ምስል ጥርት ያለ ነው፣ ቀለበቶቻቸውም ሳይላሉና ሳይጠብቁ ይዞራሉ። ችግሩ ያለው «በትክክል ሲያርፍ» በሚለው ላይ ነው።

በዲኤስኤልአር ካሜራ ውስጥ ፎከስ የሚለካው ምስሉ በሚቀረጽበት ሴንሰር ላይ አይደለም። በሌንሱ ከገባው ብርሃን ከፊሉ በዋናው መስታወት ውስጥ አልፎ ከኋላው ባለች ትንሽ መስታወት ላይ ያርፍና ከካሜራው ግርጌ ወደሚገኝ ራሱን የቻለ የፎከስ ሴንሰር ይወርዳል። ስለዚህ ከሌንሱ እስከ ምስል ሴንሰሩ ያለው የብርሃን ጉዞና ከሌንሱ እስከ ፎከስ ሴንሰሩ ያለው ጉዞ እኩል መሆን አለባቸው፤ በመካከላቸው ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ያነሰ ልዩነት ቢኖር ካሜራው ፎከስ እንደያዘ አረጋግጦ ድምፅ ያሰማል፣ ምስሉ ግን ይደበዝዛል። በዚህ ላይ የፎከስ ሴንሰሩ የሚጠቀመው ከሌንሱ ሙሉ ክፍተት የሚመጣውን ብርሃን ሁሉ ሳይሆን በኤፍ 2.8 ወይም በኤፍ 5.6 ልክ የሚያልፈውን ክፍል ብቻ በመሆኑ፣ ኤፍ 1.4 ድረስ የሚከፈት ሌንስ ይህን ልዩነት የሚያካክስ መረጃ ለካሜራው መስጠት ይጠበቅበታል። የሦስተኛ ወገን አምራቾች ደግሞ ለረጅም ጊዜ የካኖንንና የኒኮንን የመግባቢያ ሥርዓት ያወቁት ተሰጥቷቸው ሳይሆን ራሳቸው መርምረው ደርሰውበት ነው። ለነዚህ ሌንሶች የፎከስ እርማት አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት እንጂ መስታወታቸው ደካማ ስለሆነ አይደለም።

መዛነፉ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለመገመት ቁጥሮቹን ማየት ይበቃል። በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልምን ያህል በሆነ) ካሜራ ላይ 85 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ተከፍቶ 2 ሜትር ላይ ያለ ሰው ሲነሣበት፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል በጥልቀት 6 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በኤፍ 1.4 ደግሞ ወደ 4.5 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ከዓይን እስከ ጆሮ ያለው ርቀት ከዚህ ይበልጣል። በእኔ ሌንስ የመጀመሪያ ፎቶዎች ላይ ምስሉን አጉልቼ ስመለከት፣ የፎከስ ነጥቡን ያሳረፍኩባት ዓይን ሽፋሽፍቶቿ እርስ በርሳቸው ተቀላቅለው ጭጋግ መስለዋል፣ ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉር ግን አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ፎከሱ ወደ ኋላ እያረፈ መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ኤፍ 8 ላይ ቢሆን ኖሮ ጥርት የሚለው ክልል ከ25 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚሰፋ ስሕተቱ ተሸፍኖ ይቀር ነበር፤ ብዙ ሰዎች ሌንሳቸው የተዛነፈ መሆኑን ሳያውቁ ዓመታት የሚቆዩትም ስለዚሁ ይመስለኛል።

ከማረም በፊት ሁለት ነገሮችን ማጣራት ግድ ነው። የመጀመሪያው የሌንሱ መስታወቶች መሃል ለመሃል መቀመጣቸው ነው፤ ጥርት ያለ ገጽታ ያለው ጠፍጣፋ ግድግዳ ከካሜራው ጋር ትይዩ ሆኖ ሲነሣ አንደኛው የምስሉ ጎን ከሌላው ጎልቶ የሚደበዝዝ ከሆነ፣ በማናቸውም የፎከስ እርማት አይድንምና ሌንሱን የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መመለስ ነው። ሁለተኛው የስሕተቱ ወጥነት ነው። ሌንሱ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ደግሞ በትክክል የሚያርፍ ከሆነ የሚታረም ነገር የለም፤ እርማት የሚሠራው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚያዘነብል ስሕተት ላይ ነው። የእኔ 85 ሚሊሜትር በዚህ ረገድ ታማኝ ነበር፣ ሲስት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው የሚስተው።

ፍተሻው ትዕግሥት እንጂ ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ካሜራውን በትራይፖድ ላይ አቁሞ፣ ጥቁርና ነጭ ንድፍ ያለበትን ጠፍጣፋ ወረቀት ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ አድርጎ መስቀል፣ ከጎኑም በ45 ዲግሪ ያዘመመ ማስመሪያ ማስቀመጥ ይበቃል። ፎከሱ መያዝ ያለበት በጠፍጣፋው ወረቀት ላይ ነው። በቀጥታ በዘመመው ማስመሪያ ላይ ፎከስ መያዝ የተለመደ ቢሆንም ውጤቱ አያስተማምንም፤ የፎከስ ነጥቡ በመመልከቻው ውስጥ ከምናያት ትንሽ ሳጥን የሰፋ ቦታ ስለሚሸፍን ካሜራው ከማስመሪያው የቱን መስመር እንደመረጠ ማወቅ አይቻልም። ርቀቱን በተመለከተ የሌንሱን የትኩረት ርዝመት 50 ጊዜ ማባዛት የተለመደ መነሻ ነው፤ ለ85 ሚሊሜትር ይህ 4 ሜትር ከሩብ ገደማ ይሆናል፣ ሰው በብዛት የምናነሣው ግን ከዚያ ቀርበን ስለሆነ 2 ሜትር ላይም መፈተሹ ጠቃሚ ነው። ሌንሱ እስከ መጨረሻው ክፍት ይሁን፣ የመሃሉ የፎከስ ነጥብ ብቻ ይመረጥ፣ ብርሃኑም በቂ የቀን ብርሃን ቢሆን ይመረጣል፤ የመብራቱ ቀለም ሲለወጥ የፎከስ ሴንሰሩ ንባብም ሊለወጥ ይችላል። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ፎከሱን በእጅ አንዴ ወደ ቅርብ፣ አንዴ ወደ ሩቅ ማዛባት ያስፈልጋል፣ ሌንሱ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ለውጥ ያመጣልና።

ውጤቱን ሳነብ ከማስመሪያው ቁጥሮች ይልቅ የረዳኝ የቀለም ጥላው ነው። በሰፊው የሚከፈቱ ሌንሶች ከፎከሱ ፊት ባሉ ጥቁር መስመሮች ጠርዝ ላይ ወይን ጠጅ፣ ከኋላ ባሉት ላይ ደግሞ አረንጓዴ ጥላ ይጥላሉ፤ ቀለም ሳይኖረው ጥቁር ሆኖ የሚታየው መስመር ፎከሱ ያረፈበት ነው። ጥርት ማለቱን በዓይን ከመገመት ይህኛው ብዙ ጊዜ ይቀላል። ሌላው አስተማማኝ ማነጻጸሪያ ላይቭ ቪው፣ ማለትም በካሜራው የኋላ ስክሪን እያዩ ማንሣት፣ ነው፤ በላይቭ ቪው ካሜራው ፎከስ የሚይዘው በምስል ሴንሰሩ ላይ ስለሆነ፣ በእሱ የተነሣውን ፎቶ በመመልከቻው በኩል ከተነሣው ጋር ማስተያየት ስሕተቱ የማን እንደሆነ ይለያል። በነገራችን ላይ፣ ጥርት ከሚለው ክልል አንድ ሦስተኛው ከፎከሱ ፊት፣ ሁለት ሦስተኛው ከኋላ ይውላል የሚለው ደንብ በእነዚህ ቅርብ ርቀቶች ላይ አይሠራም፤ ክልሉ ከፊትም ከኋላም እኩል ለመሆን የተቃረበ ነው፣ ማስመሪያውም መነበብ ያለበት እንደዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው እርማት ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው በካሜራው ሜኑ ውስጥ ያለው ማስተካከያ ነው። ካኖንም ኒኮንም ከነጋቲቭ 20 እስከ ፖዘቲቭ 20 የሚደርስ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ፎከሱ ወደ ኋላ ካረፈ ወደ ነጋቲቭ፣ ወደ ፊት ካረፈ ወደ ፖዘቲቭ መሄድ ነው። ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው እንደ ኒኮን ዲ3500 እና ዲ5600 ያሉ ካሜራዎች ይህ አማራጭ ከናካቴው የላቸውም፣ ስለዚህ የእነዚህ ባለቤት የሆነ ሰው ቅናሹን ከማየቱ በፊት ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። ሜኑው ላላቸውም ቢሆን መድኃኒቱ ሙሉ አይደለም፤ ለቋሚ ሌንስ የሚሰጠው ቁጥር አንድ ብቻ ሲሆን፣ የሌንሱ ስሕተት ግን በ1 ሜትርና በ5 ሜትር ላይ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። የእኔ 85 ሚሊሜትር በቅርብ ርቀት በብዙ፣ በሩቅ ግን በጥቂቱ ነበር ወደ ኋላ የሚያርፈው፤ ቅርቡን ሳስተካክል ሩቁ ወደ ፊት ይስብ ጀመር።

ሁለተኛው መንገድ ሌንሱን ራሱን ማረም ነው፣ የሦስተኛ ወገን ሌንሶች ከካሜራ አምራቾቹ የሚበልጡበት ቦታም ይኸው ነው። የሲግማ ዩኤስቢ ዶክም ሆነ ታምሮን እ.ኤ.አ. በ2016 ያስተዋወቀው ታፕ ኢን ኮንሶል ሌንሱ ከኋላው የሚገጠምባቸው ክብ መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው የሌንሱን ውስጣዊ መረጃ ይለውጣሉ። የሲግማው ለቋሚ ሌንስ አራት ርቀቶችን፣ ለዙም ደግሞ በአራት የዙም ደረጃዎች አራት አራት ርቀቶችን፣ በድምሩ 16 ነጥቦችን ለየብቻ ለማረም ያስችላል። ሥራው አሰልቺ መሆኑን መደበቅ አይቻልም፤ ሌንሱን ከካሜራው ነቅሎ ዶኩ ላይ መግጠም፣ ቁጥሩን ጽፎ መመለስ፣ እንደገና ማንሣት፣ እንደገና መንቀል ነው፣ ለዙም ደግሞ ይህ ሁሉ በ16 ይባዛል። ውጤቱ ግን ድካሙን ይክሳል፤ የእኔ 85 ሚሊሜትር አምራቹ በሠራው መሣሪያ ከታረመ በኋላ በቅርብም በሩቅም ዓይን ላይ ያርፋል። ሁለት ካሜራ ላለው ሰው የምመክረው በዶኩ በርቀቶች መካከል ያለውን ልዩነት ማቃናት፣ የእያንዳንዱን ካሜራ የራሱን መዛነፍ ደግሞ በሜኑው ማረም ነው፤ በዶኩ የተጻፈው ቁጥር ሌንሱን ተከትሎ ወደ ሁሉም ካሜራ ይሄዳልና።

ዶኩ ሌላም ጥቅም አለው። በመጋዘን የቆየ ሌንስ አሮጌ ፈርምዌር (የሌንሱን አሠራር የሚመራ ውስጣዊ ሶፍትዌር) ይዞ ስለሚመጣ ከእሱ በኋላ በወጣ ካሜራ ላይ ሊያስቸግር ይችላል፤ ዶኩ ፈርምዌሩን ያለ ጥገና ቤት ለማደስ ይረዳል። ሲገዛ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ ለካኖን መግጠሚያ የተሠራው ዶክ የኒኮኑን ሌንስ አይቀበልም፣ ከዶኩ ዘመን በፊት የተሠሩ ሌንሶችም አይደገፉም። በጣም በወረደ ዋጋ የሚቀርቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ እነዚህ አሮጌዎቹ ናቸው። የዋስትናውን ወረቀትም ማየት ያስፈልጋል፤ አምራቹ በይፋዊ አከፋፋይ በኩል ያልመጣን ሌንስ በዋስትና ላይቀበል ይችላል፣ የፎከስ መዛነፍ ደግሞ ወደ አምራቹ ከሚያስኬዱ ጉዳዮች አንዱ ነው።

ሚረርለስ ካሜራ ያለው ሰው ይህ ሁሉ ብዙም አያሳስበውም። ፎከሱ የሚለካው በምስል ሴንሰሩ ላይ በመሆኑ በሁለት የብርሃን መንገዶች መካከል የሚፈጠረው ልዩነት የለም፤ የዲኤስኤልአር ሌንስ በአዳፕተር ሲገጠም ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል እንጂ ወደ ኋላ የማረፍ ጣጣ በአብዛኛው ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ የአሁኑ ቅናሽ እውነተኛ ቅናሽ ነው።

ዙሙን ግን መልሻለሁ። 24 ሚሊሜትር ላይ ወደ ፊት፣ 70 ሚሊሜትር ላይ ወደ ኋላ የሚያርፍ፣ ዶክ የማይቀበል አሮጌ ሞዴል ነበር፤ ካሜራዬ ደግሞ ለአንድ ሌንስ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው። እንደ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ለዙሙ ሰፊና ጠባብ ጫፍ ለየብቻ ቁጥር የሚሰጥ ካሜራ ቢኖረኝ ምናልባት አስቀረው ነበር፣ በመሃል ያሉት የዙም ደረጃዎች እንዴት እንደሚሆኑ ግን በዚያም ቢሆን በፍተሻ መታየት ነበረበት።